ውሃ አይበላም

የጋሽ ሰይድን ሞት የነገረኝ ተስፋዬ ነው። ባምቢስ ጋ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። መንገዱ ተዘጋግቶ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቷል፤ ተሳፋሪው ዝናቡንም መንገዱንም አንድ ላይ ያማርራል። ስልኩን ሳነሳ ተስፋዬ ሰላምታ እንኳን አልሰጠኝም።

«ሂሩት፣ ጋሽ ሰይድ አረፉ» አለኝ። «ዛሬ ጠዋት ነው። ከዙሁር ሶላት በኋላ ይቀበራሉ።» ቀጥሎም «በቃ፣ ያን ሁሉ ዓመት ለፍተው ለፍተው… ውሃ በላው» ብሎ ጨመረ።

ሐዘኑ ሳይደርስብኝ ንዴቱ ቀደመ። ተስፋዬ ክፉ ሰው አይደለም። ልፋት መና ሲቀር ሁላችንም ውሃ በላው እንላለን፤ አማርኛ ነው የተናገረው። ግን ጋሽ ሰይድ በሕይወት እያሉ ይህችን ቃል ፊታቸው ደፍሮ የሚናገር አልነበረም፤ እሱ አስከሬናቸው ከቤት ሳይወጣ ተናገራት። «ምን አልክ አንተ?» ብዬ ስጮህ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጆሮው ላይ ዘጋሁበትና የታክሲውን መስኮት ተደግፌ አለቀስኩ።

ጋሽ ሰይድ የኬሚስትሪ ዶክተር ነበሩ። «ዶክተር» ብሎ የጠራቸውን ሁሉ «የት ጋ ነው የሚያምህ?» እያሉ ስለሚያላግጡበት እኔና ተስፋዬ ጋሽ ሰይድ ማለት ለመድን። ወሎ ተወልደው ካዛንቺስ ያደጉ፣ ረጅም፣ ከሲታ፣ ኮታቸው የሌላ ሰው የሚመስል ሰው ናቸው። ሚስታቸው እትዬ ዘምዘም ይባላሉ፤ እንደ መካው ቅዱስ ውሃ። «እኔ እንደሆነ ከውሃ ጋር ተጋብቻለሁ፤ ቤትም ውሃ፣ ሥራም ውሃ» ይሉ ነበር። ቀልዱን የሰማ ሁሉ ለአክብሮት ያህል ይስቅላቸዋል።

ሁለታችንም በእሳቸው ሥር የምንሠራበት ቤተ ሙከራ እዚያው ካዛንቺስ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ጠዋት ሲገቡ ከምንም በፊት መነጽራቸውን ያወልቁና «ሃ» ብለው ይተነፍሱበታል። አይጠርጉትም። ወደ መብራት ቀና አድርገው ጉሙ እስኪጠፋ ያዩታል። ቶሎ ከጠፋ አየሩ ደረቅ ነው፤ ከዘገየ እርጥብ ነው። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እያለ ነው ይህን የሚያደርጉት። ከዚያ «እሱስ ምን ይላል?» ብለው ይጠይቁኛል፤ አነብላቸዋለሁ። «ተስማምተናል» ይላሉ። ያልተስማሙ ቀን የሚመረመረው መሣሪያው ነው።

ውሃ በላው የምትለዋን ቃል የከለከሉን እኔ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው። ተስፋዬ የሠራውን ናሙና ክዳኑን ሳይገጥም ሄዶ አደረ። ጠዋት ሲፈትሸው ዱቄቱ ደንዝዟል፤ የሚሠራው ነገር የለም። «ናሙናውን ውሃ በላው» አለ እንደቀልድ።

ጋሽ ሰይድ የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ። «ውሃ ጥርስ አለው?»

«አይ፣ ማለቴ… ሥራው ተበላሸ ለማለት ነው።»

«ውሃ አይበላም፤ ይቀይራል። በላው ካልክ ነገሩ አለቀ፣ እጅህን ታጥበህ ትሄዳለህ። ቀየረው ካልክ ግን ወደ ምን? ብለህ መጠየቅህ አይቀርም። እኛ ደሞዝ የምንበላው ወደ ምን? ብለን ስለምንጠይቅ ነው።»

የምንሠራው ከውሃ ውስጥ አዝቅጠን የምናወጣውን የመዳብና የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ጥቁር ዱቄት ነው። ላላወቀው ሰው ከጥላሸት አይለይም። ቅንጣቶቹ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳን የማይታዩ ደቃቅ ናቸው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ያ ሽታ የሌለው፣ ሰውን በተኛበት የሚገድለው ጋዝ በዚህ ዱቄት ላይ ሲያልፍ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይገናኝና ወደማይመርዝ ጋዝ ይለወጣል። ዱቄቱ ራሱ አያልቅም። ካታሊስት የሚባለው ይህ ነው። ጋሽ ሰይድ ለእንግዳ ሲያስረዱ «የሠርግ ሽማግሌ በሉት፤ ያጋባል እንጂ አያገባም» ይላሉ።

ሽማግሌውን የሚያሰክረው ውሃ ነው። በአየር ውስጥ ያለው ትነት የቅንጣቶቹ ገላ ላይ ያርፍና ተሰንጥቆ ይጣበቃል፤ ጋዙ የሚቀመጥበትን ቦታ ይይዝበታል። ከዚያም አልፎ የቅንጣቶቹን አሠራር ራሱን ይለውጣል። ለምን እንደሆነ የገባኝ በእሳቸው አነጋገር ነው። «ትልቅ ድንጋይ ቢረጥብ የሚረጥበው ቆዳው ነው፤ ሆዱ አይሰማም» አሉኝ። «እነዚህ ግን ከማነሳቸው የተነሳ ሁለመናቸው ቆዳ ነው። ቆዳቸውን የነካ ሁሉ ሆዳቸው ይገባል።»

«ታዲያ ውሃ የሚባል ነገር ለምን አጠገባቸው እናደርሳለን?» አልኳቸው።

«ከምን ውስጥ አወጣናቸውና? ከውሃ አይደለም እንዴ? ያለ ውሃ አይወለዱም፣ በውሃ ይለወጣሉ። ከሰው በምን ይለያሉ?»

ለምን የከሰል ጭስ ነገር እንደያዛቸው የነገሩኝ አንዴ ብቻ ነው። ዕቃ እያጠብን ነበር፤ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ ተናገሩ። ከድጃ የምትባል ታናሽ እህት ነበረቻቸው። ከአገር ቤት መጥታ ካዛንቺስ እሳቸው በተከራዩላት አንዲት ክፍል ውስጥ ትኖር ነበር። «ክረምት ነው። ግድግዳው ያልባል። ያጠበችው ልብስ አልደርቅ ቢላት ምድጃውን ወደ ቤት አስገባች» አሉ። ቀጥለው ቧንቧውን ዘጉና «መስኮቱን የደፈንኩት እኔ ነኝ። ብርድ እንዳይገባባት ብዬ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ከድጃ አንስተው አያውቁም። ግን የትም ቢገቡ እጃቸው ወደ መስኮት ይሄዳል። ካፌ ሲገቡ፣ አለቃችን ቢሮ ሲጠሩ፣ ሰው ቤት ለእንኳን አደረሳችሁ ሲሄዱ ሳይቀር፣ ከመቀመጣቸው በፊት መስኮቱን ገፋ አድርገው መከፈቱን ያያሉ። የማያውቃቸው ሰው ሙቀት የጠላ ይመስለዋል።

ብዙ ዓመት ከሠሩ በኋላ ዱቄቱን ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ክብ ቆርቆሮ ላይ መለጠፍ ቻሉ። ሦስት እግር አለው፤ የከሰል ምድጃ ላይ ይቆምና ጭሱ በውስጡ ያልፋል። ሰፈርተኛው «ቆብ» አለው። በበጋ ሞከርነውና ድንቅ ሆነ። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ምድጃ አቀጣጥለን ቆቡን ስናደርግበት የመርዙ መለኪያ ቁልቁል ወረደ። አለቃችን እንግዳ ጠሩ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ኬክ ተቆረሰ። ቆቡ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ለሙከራ ካዛንቺስ ላሉ ቤቶች ይታደል ተባለ።

ጋሽ ሰይድ ውሃውን አልረሱትም፤ እሳቸው ይረሳሉ ብሎ የሚያስብ ካለ አያውቃቸውም። ቆቡን አርጥበው ሞክረውታል፤ ሲረጥብ ደከመ። በሙቀት አድርቀው ሲሞክሩት እንደ ድሮው ሠራ። «ምድጃው ላይ ነው የሚውለው፤ እዚያው ይደርቃል። ደርቆ ተመልሷል» አሉ። የተሳሳቱት በዚህች ቃል ነው።

እደላውን ለሌላ ሰው አልሰጡም። እኔን አስከትለው ቤት ለቤት ዞሩ። በየቤቱ መጀመሪያ መስኮቱን ያያሉ፣ ከዚያ ቆቡን ያስረክባሉ። ቤቶቹን በባለቤቶቹ ስም ሳይሆን በመስኮታቸው ነበር የሚያውቋቸው። «ያቺ ካርቶን የተለጠፈባት»፣ «ያቺ ሰማያዊዋ»፣ «ያቺ በምስማር የተመታችዋ»።

ክረምቱ ሲጋመስ ከአንዱ ቤት አንድ ቆብ ለፍተሻ አስመጡ። ሣጥኑ ውስጥ አደረግነው። መርዙ ቆቡን እንደሌለ ቆጥሮ አለፈ። ጋሽ ሰይድ አደረቁት፤ አለፈ። ከበጋው ይበልጥ አግለው አደረቁት፤ አሁንም አለፈ። ዱቄቱን ውስጡን በኤክስሬይ የሚያይ መሣሪያ ወዳለበት ላኩትና መልሱ መጣ። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው አድገዋል፤ የበጋዎቹ አይደሉም። አንዴ ረጥቦ አንዴ መድረቅን ችለውት ነበር። ክረምቱን ሙሉ በእርጥብ ቤት እየረጠቡ፣ በምድጃ እየጋሉ፣ እንደገና እየረጠቡ መኖርን ግን አልቻሉትም።

«ደረቀ እንጂ አልተመለሰም» አሉ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። «አየሽ ሂሩት፣ ብታደርቂው ውሃው ይወጣል። ውሃው ያስተማረው ግን አይወጣም።» ያን ቀን መነጽራቸውን አውልቀው እጃቸው ላይ ያዙት፤ አልተነፈሱበትም።

አለቃችን ጉዳዩ ሲነገራቸው በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ቀነሱ። «ዶክተር፣ ማለቴ፣ ባይጠቅም ምን ይጎዳል? ዝም ብለን ክረምቱን እናሳልፍና በሚቀጥለው አሻሽለን…»

«ይጎዳል» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ቆቡን ያመነ መስኮት ይዘጋል።» ይህን ብለው ተነሱና የአለቃችንን መስኮት ከፍተውላቸው ወጡ።

በዚያው ዝናብ ቆቡን ልንሰበስብ ወጣን። ስጦታ መስጠት ቀላል ነው፤ መልሶ መቀበል ግን ጠላት ያፈራል። ካርቶን የተለጠፈባት መስኮት የእትዬ ጥሩወርቅ ነች። እትዬ ጥሩወርቅ የሰፈሩ የዕድር ዳኛ፣ አፋቸው የማይያዝ ሴት ናቸው።

«ኧረ ባክዎ ጋሽ ሰይድ! የሰጡትን ይቀማሉ እንዴ?» አሏቸው ቆቡን ከኋላቸው ደብቀው።

«አይሠራም ጥሩዬ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

«እንዴት አይሠራም? ይኸው እሱን ካገኘሁ ራሴን አሞኝ አያውቅም!»

«መስኮቱስ?»

«መስኮቱማ ዘጋሁት! ቆብ አለኝ ብዬ ነዋ። ምን ልሁን፣ ብርድ ልጠጣ?»

የጋሽ ሰይድ ፊት አመድ መሰለ። አልፈው ገቡና ካርቶኑን ገንጥለው መስኮቱን ወለል አደረጉት። እትዬ ጥሩወርቅ ሊጮሁ አፋቸውን ከፍተው የሳቸውን ፊት ሲያዩ ተዉት። ቆቡን ራሳቸው አምጥተው ሰጧቸው። እኛ ግቢውን ለቅቀን ስንወጣ ግን «ሰጥቶ ነሺ!» ሲሉ ሰማናቸው፤ ስሙም ጸና። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ «ሰጥቶ ነሺው ሰይድ» ይላቸው ጀመር። መሥሪያ ቤቱም ሥራውን አጠፈና ጋሽ ሰይድን ቧንቧ በሌለበት ፎቅ ላይ አንድ ጠረጴዛ ሰጣቸው።

ስሙም ጠረጴዛውም ግድ አልሰጣቸውም። ግድ የሰጣቸው አንዲት ቆብ ነበረች። ሁሉም ሲሰበሰብ በምስማር ከተመታችው መስኮት ያለችው ቀረች። እዚያ ሐያት የምትባል የስልጤ ልጅ ትከራይ ነበር፤ መስቀል ፍላወር አንድ ካፌ ውስጥ የምትሠራ። በሄድን ቁጥር በሯ ቁልፍ ነው። የሰጠችን ስልክ አይሠራም። እንዲህ ስንመላለስ ካዛንቺስ ፈረሰ። የቤት ባለቤት የተሰጠው ቦታ ሄደ፤ ተከራይ ግን የት እንደሄደ ማን ያውቃል? ቤቷ የነበረበት መሬት ተደልድሎ፣ መስኮቷም ምስማሯም የሉም። ጋሽ ሰይድ ራሳቸው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸውና እትዬ ዘምዘምን ይዘው ገቡ።

የመጨረሻ ዓመታቸው ያቺን ልጅ ፍለጋ አለቀ። መስቀል ፍላወር ያሉትን ካፌዎች አንድ በአንድ ጠየቁ። ጎተራ አይቻታለሁ ያለ ሰው ተገኘና ጎተራ ኮንዶሚኒየም በየደረጃው ወጡ። አብሬያቸው በሄድኩባቸው ቀናት የሚያጋጥመን መልስ አንድ ዓይነት ነው። «አጭር፣ ጠይም፣ የምትስቅ ልጅ» ይላሉ እሳቸው። «ጋሼ፣ እንደሷ ዓይነት ስንት አለ መሰልዎት!» ይሏቸዋል።

አንድ ቀን ደረጃ ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ሲቆሙ ትዕግሥቴ አለቀ። «አሁን ይብቃዎ! አንዲት ቆብ ናት!» አልኳቸው።

«አንዲት መስኮት ናት» አሉኝ፤ ቀጥለው ወጡ።

እግራቸው ማበጥ የጀመረው ያኔ ነው። ሐኪም ቤት ልባቸው ደክሟል፣ ሳንባቸው ውሃ ቋጥሯል ተባሉ። ልጠይቃቸው ስሄድ ትራስ ተደግፈው፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ እትዬ ዘምዘም በጋቢ ላይ ጋቢ እየደረቡላቸው አገኘኋቸው።

«ሰማሽ አይደል?» አሉኝ ፈገግ ብለው። «ውሃው ዞሮ ዞሮ መጣ።»

«መድኃኒት አለው ጋሽ ሰይድ፤ ያደርቁልዎታል።»

«ማድረቁንማ ያደርቁታል።» ቀሪውን ከዚያ ክረምት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቀጥለው «ልጅቱስ?» አሉኝ።

ተገኘች ብዬ ለመዋሸት በመንገድ ሁሉ እየተለማመድኩ ነበር የሄድኩት። ዓይናቸው እያየኝ ውሸቱ ከአፌ አልወጣ አለ። «አልተገኘችም» አልኳቸው።

ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሰማዩ ጠቁሯል። «ክረምት ሊገባ ነው» አሉ። ከእሳቸው አፍ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። ሞታቸውንም የሰማሁት በዚያው ክረምት መግቢያ ነው።

ከቀብሩ ማግስት ለቅሶ ቤት ተቀምጠናል። ክፍሏ ጠባብ ነች፤ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣቧል፤ ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ብርዱ ስለጠና ሴቶቹ መስኮቱን ዘግተውት ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ ሳይቀሩ ከአዲሱ ሰፈራቸው መጥተው አጠገቤ ያለቅሳሉ። «እኔ ነኝ ስም ያወጣሁባቸው» እያሉ ነው የሚያለቅሱት። በሩ ላይ አንዲት አጭር፣ ጠይም ልጅ ቆመች። ፌስታል ይዛለች።

ሰላምታ ሰጠችና ሰው አልፋ፣ ለማንም ሳትናገር፣ መስኮቱን ከፈተችው። ከዚያ እኔን አስታውሳኝ መጥታ ቁጭ አለች።

«ሐያት?»

«አዎ። ካፌ ያሉት ልጆች ነገሩኝ፣ አንድ ሽማግሌ ሲፈልጉሽ ነበር ብለው። የተዉላቸው ስልክ ላይ ስደውል አረፉ አሉኝ።» ፌስታሉን ፈታች። «ለዚህች ይሆን እንዴ? ማለቴ፣ ሌላ የሰጡኝ ነገር የለም።»

ቆቧ ነች። ጥቁሩ ዱቄት ታጥቦ አልቋል፤ ቆርቆሮው ዝጓል፤ እግሮቿ ላይ ጠብታ አለ።

«ምን ላይ ነበር የምታደርጊያት?» አልኳት።

«ብርጭቆ አጥቤ እደፋባታለሁ። ቀዳዳ አላት አይደል፣ ውሃው ይንጠፈጠፋል።» አፈረች። «ከሰልማ እኔ ቤት ገብቶ አያውቅም። እፈራለሁ። በኤሌክትሪክ ነው የምሠራው። ያኔም ሲሰጡኝ ደስ እንዲላቸው ብዬ ነው የተቀበልኳቸው።»

ያ ሁሉ ደረጃ፣ ያ ሁሉ ትንፋሽ ማጠር፣ ከሰል ለማታነድ ልጅ ነበር። ሐያት ምንም አልሆነችም፤ መጀመሪያም የሚሆንባት ነገር አልነበረም። ይህን የሚነግራቸው ሰው ከቀናት በፊት መጥቶ ቢሆን ኖሮ ዓይናቸውን በሰላም ይከድኑ ነበር። አላወቁም። ይህ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ሐያት ፊቴን አይታ ገባት። «ለዚህች ብለው ነው? ውይ በሞትኩት! ልፋታቸውን ሁሉ ውሃ በላው በሉኛ!»

አንዷ ሴትዮ ከወዲያ ጥግ «ኧረ ብርድ ገባ፣ ማነው የከፈተው?» አለች።

«እኔ ነኝ እማማ» አለች ሐያት። «ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ቆቧን የሰጡኝ ቀን መስኮቴ የተመታበትን ምስማር ነቅለው ከፈቱልኝ። ከዚያ ወዲህ የገባሁበት ቤት ሁሉ እጄ ወደሱ ነው የሚሄደው።»

እትዬ ጥሩወርቅ ማልቀሳቸውን አቁመው አዩዋት። ሴትዮዋ ልትዘጋው ስትነሳ ክንዷን ያዟትና «ተዪው» አሏት።

ቆቧን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኳት። ከሷ የሚወርደው ውሃ ቀሚሴን ያረጥብብኛል።

«ውሃ አይበላም» አልኳት ሐያትን።

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም።